ከተማሪዎች ጋራ ወደ ደጋ ተራራ ለመጓዝና በድንኳን ለማደር የሚያስፈልግ ዝግጅት

መግቢያ

በኢትዮጵያ ምድር ተራራ መውጣትና በመንገድ ማደር እንግዳ ነገር አይደለም። ነጋዴው ጨውና እህል በአጋሰስ ጭኖ፣ ባላገሩ ለንግሥና ለለቅሶ፣ የቆሎ ተማሪው ደግሞ ትምህርት ፍለጋ፣ ካንዱ አገር ወደ ሌላው አገር ሲዘዋወሩ ኖረዋል። የቆሎ ተማሪው ጓዝ ጥቂት ነበረ፤ ነገር ግን ከያዘው ዕቃ ምክንያት የሌለው አንድም አልነበረም። ደበሎው ቀን ልብስ፣ ሌሊት መኝታ፣ በዝናብ ጊዜ መከለያ ነበረ፤ አኩፋዳው የስንቁ ማኖሪያ፣ ቅሉ የውሃው መያዣ፣ በትሩም ለዳገትና ለውሻ ነበረ። እንግዲህ ጥቂት ይዞ፣ የያዘውንም ዐውቆ መጓዝ ከአባቶች የተወረሰ ጥበብ ነው።

ዛሬ ግን መምህር ተማሪዎቹን ይዞ ለጂኦግራፊና ለተፈጥሮ ትምህርት ወደ ከፍተኛ ተራራ ሲነሣ፣ የሚገጥመው ነገር ከዚህ ይለያል። የቆሎ ተማሪው ሲመሽበት «ቤት ለእንግዳ» ብሎ ከአንዱ ደጅ ይቆማል፤ «ቤት የእግዚአብሔር» የሚለውም አያጣም። ሰው በማይኖርበት አምባ ላይ የሚያድር ግን መጠለያውን፣ እህሉንና መድኃኒቱን ከቤቱ ይዞ ካልወጣ በዚያ አያገኘውም። ከዚህም ሌላ የሚመራቸው ልጆች የወላጆቻቸው አደራ ናቸው። ስለዚህ የጉዞው መልካምነት የሚለካው የሄደው ሁሉ በጤና በመመለሱ ነው፤ ጫፍ መድረስ ከዚያ በኋላ የሚቈጠር ነው። የልጆቹም ደኅንነት አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰነው ከመነሣት በፊት ባሉት ሳምንቶች ነው።

፩ኛ፤ ስለ ቦታና ስለ ወራት ምርጫ

ለዚህ ትምህርት ምሳሌ እንዲሆን የሰሜን ተራራ ተመርጧል። ከጎንደር ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ደባርቅ የመግቢያው በር ናት። ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ስላለው በኢትዮጵያ ካሉት ተራሮች ሁሉ ይበልጣል። ዋልያ በዱር የሚኖረው በዚህ ተራራ ብቻ ነው፤ ጭላዳና ቀይ ቀበሮም ይገኙበታል። ስፍራው በ1970 ዓ. ም. ከዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። በሰሜን የሚሠራው ዝግጅት በጉና፣ በጮቄ፣ በአቡነ ዮሴፍና በባሌም ይሠራል፤ ሁሉም ከ4,000 ሜትር በላይ የሚደርሱ ናቸውና።

ወራቱን ለመምረጥ አራት ነገሮችን ማመዛዘን ያስፈልጋል፤ ይኸውም ዝናቡን፣ ውርጩን፣ የገበሬውን ሥራና ጾሙን ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡና ጭጋጉ ስለሚበረታ መንገዱ ይጨቀያል፤ ገደሉም አይታይም። ጥቅምት ሲገባ ሰማዩ ይጠራል፤ ምድሩም ገና በአበባና በሣር እንደ ተሸፈነ ነው። ነገር ግን ኅዳርና ታኅሣሥ የአጨዳና የውቂያ ወራት ስለ ሆኑ፣ ወላጅ ልጁን ከዐውድማው ሊለይ አይወድም። ከጥምቀት በኋላ እህሉ ከጎተራ ስለሚገባ ቤተ ሰቡ ያርፋል፤ ሌሊቱ ግን በውርጭ የከበደ ነው። እንግዲህ ትንንሽ ልጆች ያሉበት ጉዞ በጥቅምት፣ ብርቱ ልብስ ያላቸው የታላላቆቹ ጉዞ በጥር መጨረሻ ቢሆን ይመረጣል።

ጾም የሚጾሙ ተማሪዎች ባሉበት፣ ከፍ ባለ ተራራ ላይ እስከ ቀትር ድረስ ሳይበሉ መሄድ አደጋ አለው። ስለዚህ ቀኑን ከታላላቆቹ አጽዋማት ውጭ ማድረግ፣ ስለ ረቡዕና ስለ ዐርብም ከወላጆችና ከንስሐ አባት ጋራ አስቀድሞ መነጋገር ይገባል። የእስላም ልጆች ያሉበትም ጉዞ በረመዳን እንዳይሆን፣ ስለ ሥጋውም አስቀድሞ እንዲታሰብ ያሻል።

ወራቱ ከተመረጠ በኋላ፣ አንድ አስተዋይ ሰው ወደ ስፍራው አስቀድሞ ተልኮ የመንገዱን ሰላም፣ የምንጮቹን ሁኔታና የሰፈሩን ቦታ ይጠይቅ። ወደ ሰሜን የሚገባ ሁሉ በደባርቅ ካለው ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦ፣ ፈቃድና ጠባቂ ይዞ ይሄዳል። የአገሩ ሽማግሌ የሚናገረውን ካርታ አይነግርም፤ የትኛው ምንጭ በበጋ እንደሚደርቅ፣ የትኛው ወንዝ ከዝናብ በኋላ እንደማያሻግር የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።

፪ኛ፤ ስለ ከፍታና ስለ አየር መሳሳት

ሰው ወደ ላይ በወጣ መጠን አየሩ ይሳሳል። በ3,600 ሜትር ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 64 በመቶ ገደማ፣ በ4,500 ሜትር ላይ ደግሞ 57 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ በያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ደም የሚገባው ኦክሲጅን ያንሳል። ሰውነት ይህን ለመልመድ ቀናት ይፈልጋል፤ ጉልበታም ጎልማሳም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። እንዲያውም ብርቱው ልጅ ፈጥኖ ስለሚወጣ ከደካማው አስቀድሞ ሊታመም ይችላል። በደጋ የተወለደ ልጅ ይህን ለምዶታል፤ ከቈላ ወይም ከወይና ደጋ የመጣው ግን ልዩ ጥንቃቄ ያሻዋል።

የከፍታ ሕመም ከ2,500 ሜትር በላይ ሊጀምር ይችላል። ሐኪሞች የሚሰጡት ሥርዓት ይህ ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲሆን የዛሬው ማደሪያ ከትናንቱ ማደሪያ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አይበል፤ በየሦስትና በየአራት ቀኑም አንድ ቀን ያለ መውጣት ይታረፍ። ቀን ከፍ ብሎ ወጥቶ ማታ ዝቅ ብሎ ማደር ግን መልካም ልምምድ ነው።

በሰሜን ይህን ሥርዓት መጠበቅ ይቻላል። መጀመሪያ በደባርቅ በ2,850 ሜትር ገደማ ያድሯል፤ በማግሥቱ በሳንቃ በር በ3,250 ሜትር ገደማ፤ በሦስተኛው ሌሊት በግጭ በ3,600 ሜትር ገደማ፤ በአራተኛው በጨነቅ በ3,620 ሜትር ገደማ ያድሯል። ከግጭ ወደ ጨነቅ ሲሄዱ እሜት ጎጎ ከሚባለው ከ3,900 ሜትር በላይ ከሆነው አፋፍ ላይ ወጥተው ቆላውን ይመለከታሉ። ከጨነቅ ላይ ደግሞ የቧሂትን ተራራ በቀን ወጥቶ መመለስ ይቻላል። የራስ ደጀን ጫፍ ግን ከዚህ በኋላ ወደ መሸሃ ወንዝ ሸለቆ ወርዶ እንደ ገና መውጣትን ስለሚጠይቅ፣ ተጨማሪ ቀንና ስንቅ ለሌለው የትምህርት ቤት ጉዞ አይመከርም።

የመጀመሪያው ምልክት ራስ ምታት ነው፤ ከዚህም ጋራ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ማዞርና እንቅልፍ ማጣት ይከተላሉ። ይህ የታየበት ልጅ ከዚያ በላይ አይውጣ፤ እስኪሻለው በቦታው ይረፍ፤ ካልተሻለው ይውረድ። ከዚህ የሚብሱ ሁለት ምልክቶች አሉ። አንደኛው የአንጎል እብጠት ነው፤ ልጁ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል፣ ንግግሩ ይዘበራረቃል። ይህን ለማወቅ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው እግር ጣት ጋራ እያገጣጠመ በቀጥታ እንዲራመድ ማድረግ ነው፤ ካልቻለ ነገሩ ብርቱ ነው። ሁለተኛው በሳንባ ውስጥ ውሃ መቋጠር ነው፤ ልጁ ተቀምጦም ሳለ ትንፋሹ ይቈራረጣል፣ ያስለዋል፣ አክታውም አረፋ ወይም ደም የተቀላቀለበት ይሆናል። እነዚህ ሁለቱ በጥቂት ሰዓት ይገድላሉ። መድኃኒታቸው ሌሊትም ቢሆን ሳይዘገዩ ማውረድ፣ ከዚያም ወደ ሐኪም ማድረስ ነው። ስለዚህ በየማደሪያው አንድ በቅሎ ለታመመ ሰው ብቻ ተዘጋጅታ ትደር።

፫ኛ፤ ስለ ብርድና ስለ ልብስ

በያንዳንዱ 1,000 ሜትር ከፍታ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። በደባርቅ በቀትር 20 ዲግሪ ቢሆን፣ በዚያው ሰዓት በቧሂት ጫፍ 10 ዲግሪ ገደማ ይሆናል ማለት ነው፤ ነፋሱ ሲጨመርበት ደግሞ ሰውነት ከዚህ ይልቅ ይበርደዋል። ከ3,500 ሜትር በላይ በበጋ ሌሊት ውሃ በቅል ውስጥ ሊረጋ ይችላል። ቢሆንም ከደረቅ ብርድ ይልቅ የሚያሰጋው እርጥበትና ነፋስ ተባብረው የሚመጡበት ብርድ ነው።

በዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ጋቢና ኩታ ከጥጥ የተሠሩ ናቸው፤ ደረቅ ሳሉ መልካም ያሞቃሉ፤ ከረጠቡ ግን ውሃውን ይዘው ሙቀትን ከሰውነት ይስባሉ። የበግ ጠጕር ግን ቢረጥብም ጥቂት ሙቀት ይጠብቃል። የደጋ ሰው በርኖስ፣ ባናና ዝተት መልበሱ፣ የቆሎ ተማሪውም ደበሎ መያዙ በከንቱ አልነበረም። እንግዲህ ለያንዳንዱ ተማሪ ከላይ ዝናብ የማያስገባ ላስቲክ ወይም ካፖርት፣ ከሥሩ የጠጕር ሹራብ ወይም በርኖስ፣ ለመኝታ ደግሞ በላስቲክ ከረጢት ተጠቅልሎ ቀን የማይነካ ደረቅ ልብስና ካልሲ ያስፈልገዋል። ጋቢ ለሌሊት ይጠበቅ እንጂ በዝናብ አይለበስ። ራስን የሚሸፍን ቆብ፣ ለቀን ፀሐይም ባርኔጣ አይቅር፤ በከፍታ ላይ ፀሐይ ቆዳንና ዓይንን አብዝታ ታቃጥላለችና።

የላስቲክ ጫማ እርጥብ ድንጋይ ላይ ያንሸራትታል፤ ለብርድም አይሆንም። አዲስ ጫማም እግርን ይልጣል። ስለዚህ ጫማው ከጉዞው በፊት ቢያንስ ለሦስት ሳምንት በልምምድ የተሄደበት ይሁን። ለድኻ ልጅ ልብስና ጫማ ማሟላት የትምህርት ቤቱና የሽማግሌዎች ተግባር ነው፤ ልብስ ስለሌለው የቀረ ልጅ ቢያዝን፣ ልብስ ሳይኖረው የሄደው ግን ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

የሰው ሰውነት ሙቀት 37 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከ35 በታች ሲወርድ ሰውየው በብርድ ታመመ ይባላል። ምልክቱ አስቀድሞ መንቀጥቀጥ፣ ቀጥሎ የጣት መደንዘዝ፣ የምላስ መተሳሰርና ግድ የለሽ መሆን ነው። መንቀጥቀጡ ሳይሞቀው ከቆመ ልጁ ተሻለው ተብሎ አይታሰብ፤ ወደ ሞት እየቀረበ ነው። ፈጥኖ ከነፋስ ማስገባት፣ እርጥቡን ልብስ ማውለቅ፣ በደረቅ ልብስ ጠቅልሎ በሁለት ሰዎች መካከል ማስተኛት፣ መዋጥ የሚችል ከሆነም ስኳር ያለበት ትኩስ ነገር ማጠጣት ይገባል። አረቄ ብርድ ያባርራል የሚለው አነጋገር ስሕተት ነው። መጠጥ ደምን ወደ ቆዳ ስለሚያወጣ ለጊዜው የሙቀት ስሜት ይሰጣል፤ ነገር ግን የውስጡን ሙቀት አውጥቶ ይጥላል።

፬ኛ፤ ስለ ስንቅና ስለ ውሃ

ለመንገድ የሚሆነው ምግብ ቀላል፣ የማይበላሽና ጥቂት እንጨት የሚፈልግ ነው። የኢትዮጵያ እናቶች ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣና ጭኮ ከዚህ የተሻለ ስንቅ አያስፈልጋቸውም። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ሳይበስሉ ይበላሉ፤ በሶ በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል። ለጾም ቀንም ይሆናሉ።

የዚህ ጥቅም በከፍታ ላይ ይበልጥ ይታያል። አየሩ ሲሳሳ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ በ3,600 ሜትር ላይ በ88 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በዚህ ምክንያት ባቄላ፣ አተርና ምስር ከሰዓታት በኋላም ሳይበስሉ ይቀራሉ፤ ነዳጁም ያልቃል። ስለዚህ ለማታ ሽሮ፣ በሶና ድርቆሽ ይያዝ፤ ጥሬ እህል ግን ከቤት ይቅር። ይህንኑ ነገር መምህሩ ለፊዚክስ ትምህርት ምሳሌ ሊያደርገው ይችላል።

ልኩን ለማወቅ በቀን ለአንድ ሰው 800 ግራም ያህል ደረቅ ስንቅ ይታሰብ። ለምሳሌ 12 ተማሪዎች፣ 2 መምህራንና 1 ሽማግሌ ቢሄዱ 15 ሰው ናቸው፤ ጉዞው 4 ቀን ቢሆን አንድ ቀን ለመጠባበቂያ ተጨምሮ 5 ቀን ይሆናል። 15 በ5፣ ውጤቱም በ800 ግራም ሲባዛ 60 ኪሎ ግራም ይወጣል። ይህ ሒሳብ በክፍል ውስጥ በተማሪዎቹ እጅ ይሠራ። የመጠባበቂያው ቀን ስንቅ ለብቻው ተቋጥሮ ያለ መምህሩ ፈቃድ አይከፈት። የጠባቂውንና የጫኞቹን ስንቅ ማን እንደሚችልም አስቀድሞ በግልጽ ይነገር።

የተራራ ምንጭ ጥሩ መስሎ ቢታይም ከላይ ከብት ወይም ሰው ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ የሚጠጣው ውሃ ሁሉ ይፍላ፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ በእሳት ላይ ይቆይ። ማፍላት የማይቻልበት ጊዜ ደግሞ በጤና ጣቢያ የሚገኘው የውሃ ማከሚያ በታዘዘው ልክ ይጨመር። በከፍታ ላይ ጥማት ሳይሰማም ሰውነት ይደርቃልና፣ እያንዳንዱ ሰው በቀን 3 ሊትር ገደማ ይጠጣ። ተቅማጥ የያዘው ልጅ ቢኖር በአንድ ሊትር የፈላ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁሉም ልኩ ሳይከመር፣ በጥብጦ ጥቂት በጥቂት ማጠጣት ነው።

፭ኛ፤ ስለ ጭነትና ስለ ዕቃ

«ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለኀምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ ጭነት ሲከፋፈል ይቀላል። ተማሪ ከሰውነቱ ክብደት ከዐሥር እጅ አንድ እጅ ያህል ብቻ ይሸከም፤ ይኸውም ልጁ 40 ኪሎ ቢመዝን 4 ኪሎ ነው። በዚህ ውስጥ የዝናቡ ልብስ፣ የቀኑ ስንቅ፣ ውሃውና ሹራቡ ይካተቱ፤ ከጭነት እንስሳት ቢለዩ እነዚህ ከእርሱ ጋራ መሆን አለባቸውና። የቀረው በአጋሰስ ይጫን። ከዳገቱ የተነሣ በአንዱ እንስሳ ላይ ከ50 ኪሎ በላይ ባይጫን ይሻላል፤ ከላይ ለተነገረው ስንቅ ብቻ ሁለት አጋሰስ ያስፈልጋል ማለት ነው። ጀርባው የቈሰለ እንስሳ አይወሰድ።

ከጋራ ዕቃ የማይረሱት እነዚህ ናቸው፤ ድንኳን ከነካስማውና ከነገመዱ፣ ከሥር የሚነጠፍ ላስቲክ፣ ድስትና ማንቈርቈሪያ፣ የጋዝ ምድጃና ነዳጁ፣ በሁለት ቦታ ተለይቶ በላስቲክ የተጠቀለለ ክብሪት፣ የእጅ ባትሪ፣ ሴንጢ፣ መርፌና ክር፣ ሳሙና፣ ፋሻና የቊስል ማጽጃ፣ ሐኪም ያዘዛቸው መድኃኒቶች፣ ለያንዳንዱ ልጅም አንድ ፊሽካ። ስልክ በብዙ ሸለቆ ውስጥ አይሰማም፤ ብርድም ኀይሉን ፈጥኖ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ስልክን ይዞ በእርሱ ብቻ አለመታመን ነው። ድንኳኑ ከጉዞው በፊት በትምህርት ቤቱ ግቢ ተተክሎ አንድ ሌሊት ይታደርበት፤ የጐደለ ገመድና የተቀደደ ሸራ እዚያው ይታወቃል።

፮ኛ፤ ስለ አካሄድና ስለ ሰዓት

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1892 ዊልያም ናይስሚዝ የተባለ የስኮትላንድ ተራራ ወጪ አንድ የሰዓት መለኪያ አወጣ፤ ይኸውም ለ5 ኪሎ ሜትር መንገድ 1 ሰዓት፣ በዚያም ላይ ለ600 ሜትር ዳገት 1 ሰዓት መጨመር ነው። ለምሳሌ ከጨነቅ እስከ ቧሂት ጫፍ 800 ሜትር ያህል ዳገት ስላለ፣ ከርቀቱ ሌላ ለዳገቱ ብቻ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይታሰባል። ይህ ለጐልማሳ ነው፤ ለልጆችና ለከፍታው ሲባል የሰዓቱን ግማሽ መጨመር ይገባል።

በኢትዮጵያ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ ጨለማውም ፈጥኖ ይወርዳል። ስለዚህ ጉዞው በጥዋት በ1 ሰዓት ተጀምሮ ከ10 ሰዓት በፊት ከማደሪያው መደረስ አለበት። ከሰዓት በኋላ ጭጋግ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ አፋፉን ይሸፍናልና፣ የአፋፍ መንገድ በጥዋት ይለፍ።

ከፊት መንገድ የሚያውቀው ይምራ፤ ከኋላ አንድ መምህር ይከተል፤ ከእርሱ ኋላ ማንም አይቅር። እርምጃው በደካማው ልጅ ልክ ይሁን፤ እየሄደ መነጋገር የማይችል ሰው ከዐቅሙ በላይ እየፈጠነ ነው። «ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት ከየትም ይልቅ በተራራ ላይ ይሠራል። ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይጣመሩ፤ እያንዳንዱ የጓደኛውን ፊትና አካሄድ ይመልከት። በዕረፍት ቦታ ሁሉ ቈጠራ ይደረግ። ልጃገረዶች ባሉበት ጉዞ ሴት መምህር ወይም የታመነች እናት ትጨመር፤ ድንኳናቸውም ይለይ።

ነጐድጓድ ሲሰማ ከአፋፍና ከጫፍ መውረድ፣ ብቻውን ከቆመ ዛፍ መራቅ፣ ልጆቹንም አራርቆ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

፯ኛ፤ ስለ ማደሪያ

በተፈቀደው ሰፈር ውስጥ ሜዳና ደረቅ ስፍራ ይመረጥ። ከገደል አፋፍ፣ ድንጋይ ከሚንከባለልበት ሥር፣ ጐርፍ ከሚሄድበት ረባዳም ይራቅ። የድንኳኑ በር ነፋስ ከሚመጣበት ይዙር። መጸዳጃ ከውሃ 60 ሜትር ያህል ርቆ አንድ ስንዝር ተቈፍሮ፣ ከተጠቀሙበት በኋላ በአፈር ይከደን።

በድንኳን ውስጥ የከሰል ፍም ማስገባት ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ከፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኙትን ሳይነቁ ይገድላል። የበረደው ልጅ በልብስና በጓደኛው ጐን ይሙቅ እንጂ በፍም አይሙቅ። የጋዝ ምድጃውም ከድንኳን ውጭ ይነድ።

በሰሜን ለማገዶ የሚታየው አስታ ነው፤ በብርድ ምክንያት ቀስ ብሎ ስለሚያድግ አንድ ማታ የነደደው በብዙ ዓመት አይተካም። የሰሜን ተራራ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ገብቶ፣ በ2017 ከዚያ ወጥቷል። የዳነውን እንደ ገና ላለማጥፋት እንጨት አይቈረጥ፤ ጭላዳ አይመገብ፤ ቆሻሻም ተሰብስቦ ይመለስ። በመንገድ የሚገናኙት የአገሩ ሰዎች በሚገባ ሰላምታ ይከበሩ፤ በማሳቸው ላይ አይረገጥ።

፰ኛ፤ ስለ መመለሻው ውል

ከዝግጅቱ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። በተራራ ላይ ብዙ ጥፋት የሚደርሰው መመለስ እንደሚገባ ሳያውቁ ቀርተው አይደለም፤ ዐውቀውም መመለስ ስለሚያፍሩ ነው። ልጁ «ፈሪ ነው» እንዳይባል ራስ ምታቱን ይደብቃል። መምህሩ ገንዘብ የተዋጣበት ጉዞ ሳይፈጸም ቢመለስ ሕዝቡ ምን ይለኛል ይላል። ጫፉም ቅርብ ሆኖ ይታያል። በዚያ ሰዓት የደከመና የበረደው ሰው በትክክል ሊፈርድ አይችልም። ስለዚህ ፍርዱ በሜዳ፣ በረጋ ልብና በወላጆች ፊት አስቀድሞ ይፈረድ።

ውሉ አጭር ሆኖ በወረቀት ይጻፍ። አንደኛ፣ ከቀትር በኋላ 7 ሰዓት ሲሆን የትም ይደረስ የት ወደ ላይ መውጣት ይቆማል። ሁለተኛ፣ የከፍታ ሕመም የታየበት ልጅ ካለ እርሱ አይወጣም፤ የብርቱ ሕመም ምልክት ከታየ ጉዞው በሙሉ ይቆማል። ሦስተኛ፣ ጭጋግ መንገዱን ከሸፈነ ወይም ልብስ ከረጠበ ወደ ቅርቡ ሰፈር ይመለሳሉ። አራተኛ፣ መምህሩ፣ ሽማግሌው ወይም ጠባቂው፣ ከሦስቱ አንዱ «እንመለስ» ካለ ይመለሳሉ፤ «እንቀጥል» ለማለት ግን ሦስቱም መስማማት አለባቸው። አምስተኛ፣ ሕመሙን የተናገረ ልጅ ይመሰገናል እንጂ አይሣቅበትም።

ይህ ውል በወላጆች ጉባኤ ይነበብ፤ አንዱ ቅጅ በትምህርት ቤቱ ይቀመጥ። ከእርሱም ጋራ የተጓዦቹ ስም፣ የየማደሪያው ስምና የመመለሻው ቀን ይጻፍ። በተባለው ቀን ካልተመለሱ ማን ወደ ማን እንደሚልክ፣ ፍለጋውም በስንተኛው ሰዓት እንደሚጀመር ይወሰን። የልጆቹ የቆየ ሕመም፣ ይልቁንም አስም፣ የልብ ሕመምና የሚጥል በሽታ፣ በወላጅ ለመምህሩ በምስጢር ይነገር።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ለዝግጅቱ ሁለት ወር ያህል ጊዜ ይመደብ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንቶች ቦታና ቀን ተመርጦ ከወላጆች ጋራ ይመከር፤ ቀጥሎ በየቅዳሜው በቅርቡ ኰረብታ ላይ ልምምድ ይደረግ፤ ከዚያ ልብስና ጫማ ይመርመር፤ በመጨረሻው ሳምንት ስንቁ ይመዘን፣ ድንኳኑ ይፈተን፣ ውሉም ይነበብ። ከእነዚህ አንዱ የጐደለ እንደ ሆነ ቀኑን ማራዘም ይገባል፤ «የቸኰለ አፍሶ ለቀመ» ነውና።

ተራራው ነገም በስፍራው አለ። ዘንድሮ ከግማሽ መንገድ የተመለሰ ልጅ ለከርሞ በተሻለ ጉልበትና ልብስ ሊወጣው ይችላል። በዝግጅቱ ሒሳብን፣ በከፍታው ፊዚክስን፣ በዋልያውና በአስታው የአገሩን ሀብት የተማረ፣ በጓደኛው ሕመም ምክንያትም ሳያጕረመርም ወደ ኋላ የተመለሰ ተማሪ፣ ጫፉን ባይረግጥ እንኳ የጉዞውን ፍሬ ይዞ ከቤቱ ገብቷል።